ዜና ስብከት በምድረ ፎገራ

የፎገራን ሜዳ ዜና እንጽፋለን። የነገሥታቱ ጦርነት በሌላ መጽሐፍ ተጽፏል፤ እኛ የምናወሳው ወንጌል ይዘው ይህን ጭቃ የተሻገሩትን፣ በዳርቻው የሰፈሩትን፣ የታሰሩትንና ተሰድደው የሄዱትን ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርገነዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች ደብዳቤና የእኛው አገር ወሬ እንዲገጥሙልን ብለን ነው። አንባቢ 7 ወይም 8 እየቀነሰ ይከተለን።

ፎገራ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከደጋው ደለል እየጠረጉ ይወርዱበታል። በክረምት ዋልካው የሰው ጫማ ያስቀራል፣ በቅሎ ያስተኛል፤ ወንዙ ከዳር ሲወጣ መንደሩ ደሴት ይሆናል። ሩዝ ሳይመጣ አገሩ በከብቱ ይታወቅ ነበር። ወረታ የተቀመጠችው መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ነው፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚሻገር ንጉሥም ሆነ ከጎንደር ወደ ቆራጣ የሚወርድ ነጋዴ ይህን ሜዳ ሳይረግጥ አያልፍም። ሰባኪም እንዲሁ ነው።

ከሜዳው በስተ ሰሜን እንፍራዝ አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዝሙር የነበሩት አባ ገብረ ኢየሱስ ወደዚያ መጡ። መምህራቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው ተገፍተው፣ እስከ አርማንያ ተሰድደው፣ እዚያው ዐርፈዋል። ገድሉ እንደሚተርከው አባ ገብረ ኢየሱስ በእንፍራዝ ሲሰብኩ የሰሟቸው የአይሁድ ልጆች፣ ኋላ ቤተ እስራኤል የተባሉት፣ ነበሩ፤ ብዙዎች ተጠመቁ፣ ደብረ ሳንም ተተከለች። ልብ በል አንባቢ፤ ቅዳሜን የሚያከብር መነኩሴ ቅዳሜን ወደሚያከብር ሕዝብ ነው የመጣው። ጆሮ ያገኙት አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ከዚያ በኋላ አፄ ይስሐቅ በ1414 ነገሡ። እርሳቸው የቤተ እስራኤልን አለቃ በጦር ድል ነሡት፤ ሽማግሎችም ሲያወሩ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አይኑረው የሚል አዋጅ አስነገሩ ይላሉ። ርስት ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል። ቀን ማረሻውን የገዛው ባላገር ማታ ቡዳ ይለዋል። መነኩሴው በቃል የጀመሩት ነገር በንጉሡ ዘመን የመሬት ነገር ሆነ፤ ቂሙም ከዚያ ወዲህ ለመጡት ሰባኪዎች ሁሉ ተረፈ።

ኢየሱሳውያን የተባሉትን የሮማ ካህናት ነገር ባጭሩ እንለፈው፤ ብዙ ተጽፎበታልና። ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 ምጽዋ ደረሰ፤ ቋንቋ ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር በትሕትና ተነጋገረ፣ በ1622 አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሞተ። በእርሱ እግር የተተካው አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1626 ንጉሡንና መኳንንቱን በአደባባይ አስምሎ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህኑ ዳግመኛ ይሾም አለ። በ1632 ሰኔ ወይና ደጋ በተባለ ቦታ በተደረገ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፓኤዝ በ19 ዓመት ትዕግሥት የገነባውን ሜንዴዝ በ6 ዓመት ችኮላ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ 200 ዓመት ያህል ፈረንጅ መጣ ሲባል ካህኑ መስቀሉን ጨበጥ ያደርግ ነበር።

አሁን ወደ ካይሮ እንውረድና አንድ ጎጃሜ ሽማግሌ እንይ። አቡ ሩሚ ይሉታል፤ አባ አብርሃምም ተብሏል። አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ ካይሮ ላይ ታመመ፤ አስለን የተባለ የፈረንሳይ ቆንሲል አስጠግቶ አሳከመው። ሽማግሌውም በደኅና ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ይመልስ ጀመር። 10 ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የቆንሲሉ በር ለእንግዳ ሁሉ ተዘግቶ ሁለቱ ቁጥር በቁጥር እያነበቡ ይተረጉማሉ። ሥራው ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ ወንጌሉን በ1824፣ አዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን በ1840 አሳተመ። በዚህ ዜና ውስጥ ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች ሁሉ ለዚህ ሜዳ ሰው ብዙ የሠራው ይህ ሜዳውን ይርገጥ አይርገጥ ያልተጻፈለት ሽማግሌ ነው እንላለን።

የታተመውን ወንጌል በበቅሎ ጭኖ ጎንደር የገባው ስዊሳዊው ሳሙኤል ጎባት ነው፤ ዘመኑም 1830 ነበር። መንፈቅ ያህል ተቀምጦ ከካህናቱም ከቤተ እስራኤልም ጋር ተነጋገረ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ልትከል አላለም፤ ያለችው በወንጌል ትታደስ ባይ ነበር። ኋላ በ1846 የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆነና ልቡ እዚሁ ቀርቶ ኖሮ፣ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት ጋር መከረ። የክሪሾናው ሰው ሽፒትለር የሐዋርያት ጎዳና የሚል አሳብ ነበረው፤ ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ 12 ማረፊያ ይሠራ፣ እያንዳንዱም በአንድ ሐዋርያ ስም ይጠራ የሚል። የሚላኩትም ቄሶች አይሁኑ፤ አናጢ፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ ሆነው በላባቸው ይብሉ፣ ወንጌሉን በኑሯቸው ያሳዩ ተባለ።

በዚህ ምክር በ1855 ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍና ወጣቱ ማርቲን ፍላድ መጥተው ከአዲሱ ንጉሥ ከአፄ ቴዎድሮስና ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተገናኙ። ጳጳሱም እጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ይምጡ፣ ነገር ግን ሃይማኖት አይክፈሉ አሉ። በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝሌን ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። ይዘው የመጡትን መጽሐፍ ለንጉሡ ሲያበረክቱ ንጉሡ በደስታ ተቀበሉ፤ ዓይናቸው ግን ከመጽሐፉ ይልቅ እጃቸው ላይ ነበር።

ሰፈራቸው ጋፋት ሆነ፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከወረታ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ። እዚያ ቤት ሠሩ፣ ሕፃናት አስተማሩ፣ ወናፍ ተከሉ፣ መንኮራኩር በውኃ አዞሩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴት ልጆች አግብተው ያገር ሰው ሆኑ። የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት አለቃ ዘነብም ለሚሲዮናውያኑ ቅርብ ነበሩ። ቀኑ መልካም ነበር ማለት ይቻላል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ንጉሡ ሞርታርና ቦምብ ሥሩልኝ አሉ። እኛ ይህን አናውቅም ብለው ቢመልሱ አገልጋዮቻቸው ታሰሩ። እንግዲህ ምን ያድርጉ? መጽሐፍ ገለጡ፣ ሸክላ ጋገሩ፣ ነሐስ አቀለጡ፤ ሳይሳካ ቀርቶ ደግሞም ሞከሩ፤ በመጨረሻ ተሳካ። ለክፉ ዕድላቸው ተሳካ እንበል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋፋት የመድፍ ቤት ሆነች። ወንጌልን በእጅ ሥራ እንሰብካለን ብለው የመጡት ሰዎች እጃቸው ለንጉሡ ቀረ፣ ወንጌሉ ለምሽት ጸሎት።

ፍላድ ግን ከመድፉ ሸሽቶ ከሚስቱ ከፓውሊና ጋር በደምቢያ ጀንዳ ተቀመጠ፤ ሥራውም በቤተ እስራኤል መካከል ሆነ። የአቡ ሩሚ አማርኛ ፍሬው የታየው እዚህ ነው። የቤተ እስራኤል ቄስ ኦሪቱን በግዕዝ ያነብባል፤ ጎልማሳው በወናፉ አጠገብ ተቀምጦ የሚገባውን ቋንቋ ሲሰማ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ሌሊቱን ያነብባል። ሊጠመቅ የወደደ ሰው ቢገኝ ግን የንጉሡና የጳጳሱ ትእዛዝ አንድ ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ። ስለዚህ ፕሮቴስታንቶቹ ሰበኩ፣ ያጠመቁት የእኛ ካህናት ሆኑ። በዚህ አገር የራሳቸውን አጥቢያ ሳይተክሉ ምእመን ማፍራታቸው ከዜናው ሁሉ ይልቅ ያስገርመናል።

ይህ ሁሉ ያለ ዕንባ አልሆነም። በ1862 የቤተ እስራኤል ቄሶች በንጉሡ ፊት ከሚሲዮናውያኑ ጋር ተከራከሩ። በዚያው ዓመት አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን አስከትለው፣ ባሕሩ ይከፈልልናል፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ወደ ሰሜን ተነሡ። ትግራይ ሲደርሱ በረሃብና በበሽታ ብዙው አለቀ፤ የተረፈው ተመለሰ። ሰባኪ ሲጽፍ የተጠመቁትን ይቆጥራል፤ ዜና ጸሐፊ ግን በመንገድ የቀሩትንም መቁጠር አለበት።

ወደ ቀደመው ነገራችን እንመለስ። ሄንሪ ስተርን የሚባል ከአይሁድ ወገን የተወለደ ሰባኪ በ1860 መጥቶ ነበር። አገሩ ገብቶ መጽሐፍ ሲያሳትም የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ ጻፈ። በ1863 ሲመለስ መጽሐፉ ቀድሞት ደርሶ ነበር። በጥቅምት ወር ንጉሡ ፊት በክፉ ሰዓት ቀረበ፤ አሽከሮቹ ሲደበደቡ ቢያይ ደንግጦ ጣቱን ነከሰ። እርሱ የነከሰው ከጭንቀት ነው፤ በእኛ አገር ግን ጣት መንከስ እበቀልሃለሁ ማለት ነው። ታሰረ። የሥራ ባልደረባው ሮዘንታልም ታሰረ፤ የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮንም ተከተለ።

በ1866 ራሳም የእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ይዞ መጣና በጣና ዳር ባለችው በቆራጣ ሰፈረ። የጋፋት ሰዎች እንዲያጫውቱት ከደጋ ወረዱ፤ በመጋቢት እስረኞቹ ከመቅደላ አምባ ተፈትተው እዚያው ደረሱ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ በሚያዝያ ሁሉም ዳግመኛ ተያዙ፣ ፍላድም ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት ትቶ ወደ እንግሊዝ ተላከ። በሰኔ ኮሌራ ወደ ሰፈሩ ገባ። ንጉሡ ሠራዊቱን ይዘው ወደ ደጋ ሸሹ። የሰኔ ዝናብ ጀምሯል፣ ዋልካው ርሷል፣ ጭነት ከብቱ ይሰምጣል፤ ሰው እየተራመደ ወድቆ ይቀራል። ቄስና ሚሲዮናዊ፣ እስረኛና ዘበኛ በአንድ ጭቃ ሄዱ።

በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። የጋፋት ሰዎችም አብረው መንገድ እየጠረጉ ተጓዙ። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ንጉሡ ሞቱ፤ እንግሊዞች ፈረንጆቹን ሁሉ ይዘው ወጡ። የሐዋርያት ጎዳና የተባለው አሳብ በዚህ አበቃ። ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ።

ሥራው ግን አልሞተም፤ የተረከቡት ያገር ልጆች ነበሩ። በፍላድ ቤት ያደገ ሚካኤል አረጋዊ የሚባል የቤተ እስራኤል ልጅ ከእነርሱ ጋር ወጥቶ ክሪሾና ተማረና በ1870ዎቹ ተመለሰ። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናዊ አላስገባም ብለው ስለ ነበር ፍላድ ከውጭ ሆኖ በደብዳቤ ይመክር፣ እነ ሚካኤል መጽሐፍ በአህያ ጭነው መንደር ለመንደር ይዞሩ ነበር። በዚያው ዘመን ክራፕፍ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ያረመው የአቡ ሩሚ መጽሐፍ ቅዱስ ክሪሾና ታትሞ እጃቸው ገባ። በ1888 ከሱዳን የመጡ ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። ወዲያው የከብት እልቂት መጣ፤ የፎገራ በሬ ካለቀ ማን ያርሳል? ክፉ ቀን የተባለው ያ ነው። ካህኑም፣ የቤተ እስራኤሉ አንጥረኛም፣ አዲስ የተጠመቀውም በአንድነት ተራቡ። ሚካኤል ከዚያ ሁሉ ተርፎ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ማስተማሩን ቀጠለ። አንድም ንጉሥ አዋጅ አላወጀለትም፤ መድፍም አልሠራም።

በእነዚያ ዓመታት ከተጠመቁት የብዙዎቹ ልጅ ልጆች ዛሬ ፈለስ ሙራ ይባላሉ። አያታቸው የተጠመቀው ወድዶ ነው ወይስ ተገድዶ በሚል ጥያቄ በእስራኤል አገር ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ገሚሶቹ ሄደዋል፣ ገሚሶቹ ጎንደር ከተማ ተከራይተው ተራ ይጠብቃሉ።

አንተም አንባቢ፣ በወረታም ሁን በደምቢያ፣ በአያትህ ሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢኖር ለምስጥ አትተወው። የፊተኛውን ቅጠል ገልጠህ የት እንደ ታተመ እይ፤ በኅዳጉ የተጻፈ ስም ካለም ለልጆችህ አንብብላቸው።