ከሸክላው ጀርባ ያለው ስም

ገርጂ የሚኖሩት አጎቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንዲት የእንጨት ሣጥን ነበረች። ባለፈው ክረምት ቤቱ ሊታደስ ሲል ሣጥኗ ወደ በረንዳ ወጣች። በውስጧ የነበሩት አሮጌ ሸክላዎች ናቸው። «ቦሌ ወስደን ብንሸጣቸው ፈረንጆች ጥሩ ዋጋ ይሰጣሉ» የሚል ምክር ከልጆቻቸው ቀረበ። እኔ ደግሞ ከመሸጣቸው በፊት እንዳዳምጣቸው ለመንኩ።

የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ድምፁን ገና ስሰማ ስሙን ጠራሁ። አጎቴ ሳቁ።

«እሱንማ ማን ያጣዋል! ግርማ በየነንስ ታውቀዋለህ?»

ስሙን እንጂ ሥራውን አላውቅም ነበር። እነሆ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ሐፍረት ነው።

እንደሚታወቀው ዓለማየሁ በወጣትነቱ የአሜሪካ ፊልምና ዘፈን ፍቅር የጸናበት ሰው ነበር። የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ እያዜመ፣ ጸጉሩንና አለባበሱን እያስመሰለ ነው የተነሳው። «የአቢሲኒያው ኤልቪስ» የሚለው ቅጽል ስም እስከ መጨረሻው ተከትሎታል። ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር መድረክ ላይ ሲወጣ የአማርኛውን ግጥም በዚያው በሮክ ጩኸት ይለው ጀመር። አጎቴ እንደሚያስታውሱት ወጣቱ ሲያብድ ሽማግሌው «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው?» ይል ነበር።

ግርማ በየነ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ፒያኖን ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ግጥምና ዜማ የሚደርስ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሚያቀናብር። ነፋስ መሣሪያው የት እንደሚገባ፣ ጊታሩ የት ዝም እንደሚል የሚወስነው እሱ ነው። ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል ይባላል። በዚያ ዘመን በራሱ ድምፅ በሸክላ ያስቀረው ግን አራት ዘፈን ብቻ ነው።

ሸክላ ማሳተም ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ተዳፍሮ የዓለማየሁን «ትማርኪያለሽ» ሕንድ አገር አስታተመ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አወጣ።

በዚህ ግርግር መሃል፣ በ1972፣ ሁለቱ ሰዎች ተጣምረው ዓለም ግርማ ባንድን መሠረቱ። ድምፃዊውና አቀናባሪው እኩል የተጠሩበት ስም ነው። ይህ በእኛ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም። የባንዱ ዕድሜ ግን አጭር ነበር። በ1974 አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊት ክበቦቹ ጭር አሉ፣ አምሃም አገር ጥሎ ወጣ። ግርማ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ከሙዚቃም ለረጅም ዓመታት ራቀ።

ሸክላው በካሴት ሲተካ ሌላም ነገር ጠፋ። ዘፈኑ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ፣ በሸክላው መሃል ባለችው ክብ ወረቀት ላይ የተጻፈው አብሮ አይገለበጥም። ልጅ ሆኜ ከሰማኋቸው ካሴቶች በአብዛኛዎቹ ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈው የድምፃዊው ስም ብቻ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እነዚያን ሥራዎች በሲዲ ሲያወጣ አቀናባሪዎቹም ባንዶቹም በየዘፈኑ ተጻፉ። ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም በእኛው ከተማ ፒያኖ ይመታ የነበረን ሰው ማንነት ፓሪስ ከታተመ ወረቀት መማራችን አያስቆጭም ትላላችሁ?

ግርማ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ለማውጣት በቃ። ዓለማየሁ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አምሃ ቀድሞት ሄዶ ነበር።

የአጎቴ ሣጥን አልተሸጠችም። በክቧ ወረቀት ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። ወረቀቱ ዝም ባለበት ቦታ አጎቴን እጠይቃለሁ። እሳቸውም አንዳንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «ቆይ፣ ይኼን የመታው…» ብለው ይጀምራሉ። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ ይጠፋባቸዋል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ቤት እንዲህ ያለች ሣጥን ካለች፣ የሚያስታውስ ሰው ሳለ ቢጠይቁ ይሻላል።