ከሰም ወደ ፋይል፦ በዲጂታል ዘመን የጥርስ ሕክምና ሥራ የት ገባ?

ስለ ዲጂታል የጥርስ ሕክምና ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ፍጥነት ነው፤ ቀድሞ ታካሚን ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልስ የነበረ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ዛሬ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል ይባላል። ውሸት አይደለም። ይሁንና ዋናው ለውጥ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ኮምፒዩተር ከጥርስ ሕክምና ያስቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ከቦታው ያነሣው ግን ብዙ ነው። የቴክኒሻኑ ጥበብ ወደ ሶፍትዌር፣ የሐኪሙ ልኬት ወደ ፋይል፣ የታካሚው መረጃም ወደ ኩባንያ ሰርቨር ሄዷል። መሣሪያውን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ሥራ ወደ ማን እጅ እንደገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1907 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በሰም የተቀረጸን ቅርጽ በወርቅ የመተካት ዘዴን ለሙያ ባልደረቦቹ አሳየ። በዚህ ዘዴ ሲሠራ ሐኪሙ የጥርሱን ቅርጽ በለስላሳ ማቴሪያል አትሞ ልኬት ይወስዳል፤ ቴክኒሻኑ በልኬቱ ውስጥ ጂፕስ ያፈስሳል፤ በጂፕሱ ላይ ሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን እሳት በሚችል ማቴሪያል ይሸፍንና ያቀልጠዋል፤ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ብረት ይገባል። በየደረጃው ጥቂት መዛነፍ አለ። ጂፕሱ ሲደርቅ ትንሽ ያብጣል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። የጎበዝ ቴክኒሻን ሙያ አንዱን መዛነፍ በሌላው ማጣፋት ነበር፤ የጥርስ ላብራቶሪዎችም ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የኖሩት በዚሁ ጥበብ ነው።

ልኬትን በብርሃን መውሰድ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከፈረንሳይ ሊዮን የመጣ ነው፤ ፍራንሷ ዱሬ በ1973 የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው በዚህ ላይ ነበር። ሐሳቡን ታካሚ ወንበር አጠገብ ያደረሰው ግን የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ቨርነር ሞርማን ነው። እሱን የቀሰቀሰው የኮምፒዩተር ፍቅር ሳይሆን የአንድ ማቴሪያል እንከን ነበር። በዚያን ጊዜ ታካሚዎች በመንጋጋ ጥርሳቸው ላይም ጥርስ የሚመስል ሙሌት መፈለግ ጀምረዋል፤ ለዚህ የሚውለው ኮምፖዚት የተባለ ማቴሪያል ግን ሲጠነክር ይኮማተራል፤ ሰፊ ጉድጓድ ሲሞላበት ከጥርሱ ግድግዳ ይላቀቅና ባክቴሪያ የሚገባበት ክፍተት ይተዋል። ሞርማን እንዲህ አሰበ፦ የጉድጓዱን አብዛኛውን ክፍል አስቀድሞ የተሠራ ሴራሚክ ቢሞላው፣ ኮምፖዚቱም በስሱ ማጣበቂያ ብቻ ቢሆን፣ የሚኮማተረው ነገር ኢምንት ይሆናል። ሴራሚኩ ግን ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ መሠራት ነበረበት። ማርኮ ብራንደስቲኒ ከተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጋር አፍ ውስጥ የሚገባ ካሜራንና ትንሽ የመሞረጃ ማሽንን አጣመሩ፤ የመጀመሪያው ታካሚ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 ታከመ። መሣሪያው ሴሬክ ተባለ፤ ሲመንስም ለገበያ አቀረበው።

ያ ማሽን ብዙ አይችልም ነበር። የሚሞርደው በአንድ የአልማዝ ዲስክ ስለሆነ የሙሌቱን ጎንና ወለል ያወጣል እንጂ የሚያላምጠውን ገጽ መቅረጽ አይሆንለትም። ያንን ሐኪሙ ሴራሚኩን ካጣበቀ በኋላ በገዛ እጁ ያወጣው ነበር። ካሜራውም እንዲያነብ ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት መነስነስ ያስፈልግ ነበር። የሙሌቱ ጠርዝ በዛሬ መለኪያ ቢታይ ያሳፍራል። ነገር ግን በዚሁ የመጀመሪያ ትውልድ ማሽን በአንድ የስዊዘርላንድ የግል ክሊኒክ የተሠሩ ሙሌቶች ተከታትለው ሲጠኑ፣ 17 ዓመት የመቆየት ዕድላቸው 88.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ክትትሉ ወደ 27 ዓመት ሲገፋም 87.5 በመቶ ነበር። አንድ ክሊኒክ የራሱን ሥራ ያጠናበት ውጤት ስለሆነ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ለሽያጭ ሠራተኞች የማይመች ትምህርት ነው። ያን ሙሌት ያቆየው የኮምፒዩተሩ ትክክለኛነት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በአሲድ ከተሻከረ ጤነኛ ኢናሜል (የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን) ጋር የተፈጠረው ትስስር ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ቴክኒሻኑስ? ሥራው አልጠፋም። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዚርኮኒያ የተባለው ሴራሚክ ከበሰለ በኋላ ለመሞረድ አስቸጋሪ ስለሆነ ገና እንደ ጠመኔ ልል ሳለ ይቀረጻል፤ ከዚያ እስከ 1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይበስላል፤ ሲበስልም በየአቅጣጫው 20 በመቶ ያህል ይጠባል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ክራውኑን አስቀድሞ በዚያው ልክ አስፍቶ ያስቀርጸዋል። ይህ የታጋርት ዘዴ ወራሾች የጂፕስን መዛነፍ በብረቱ ሲያጣፉበት የኖሩት ስሌት ነው፤ አሁን ቁጥር ሆኖ በዚርኮኒያው ዲስክ ላይ ታትሞ ይመጣል። ቁጥሩን አሳስቶ ያስገባ ባለሙያ ጥርስ ላይ የማይገባ ውብ ክራውን ይረከባል። ምድጃው ለሰዓታት ስለሚሠራ፣ መብራት የሚቆራረጥበት ከተማ ላይ አስተማማኝ መጠባበቂያ ኃይል ከማሽኑ እኩል መታሰብ አለበት።

ስካነሩም የሚለካው ብርሃን የደረሰበትን ብቻ ነው። የተሞረደው የጥርስ ጠርዝ ከድድ በታች ከወረደ፣ ወይም ደምና ምራቅ ከሸፈነው፣ ሶፍትዌሩ የጎደለውን በግምት ሊያገናኘው ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ግን ያው የተስተካከለ ነው። የተበላሸ የድሮ ልኬት ጉድለቱ በዓይን ይታይ ነበር። ለአንድ ክራውን ወይም ለአጭር ብሪጅ ስካነሩ አስተማማኝ ሆኗል። መንጋጋውን በሙሉ ሲለካ ግን ብዙ ትንንሽ ምስሎችን እየሰፋ ስለሚሄድ ስህተቱ ይጠራቀማል፤ ብዙ ኢምፕላንቶችን በአንድ ማያያዣ ለማሠር ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥርሱን የሚሞርደው ደግሞ ዛሬም የሰው እጅ ነው።

ፋይል ከጂፕስ የሚለየው መንገደኛ በመሆኑ ነው። በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው አላይን ቴክኖሎጂ በዚህ ላይ ቆመ፤ የታካሚውን ጥርሶች በኮምፒዩተር ደረጃ በደረጃ እያንቀሳቀሰ፣ ለየደረጃው ሞዴል እያተመ፣ በብሬስ ፈንታ የሚደረግ ግልጽ ፕላስቲክ ያመርታል። እዚህ ላይ ሐኪም ጉዳዩን ይዟል። በ2014 የተመሠረተው ስማይልዳይሬክትክለብ ግን ሐኪሙን በርቀት አስቀምጦ ፕላስቲኩን በፖስታ ወደ ቤት ላከ። ኩባንያው በ2023 መጨረሻ ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያላገባደዱ ታካሚዎች የሚሄዱበት ክሊኒክ አልነበራቸውም። ጥርስ ሲንቀሳቀስ አጥንቱና ድዱ አብረው ስለሚናጡ፣ የድድ ሕመም ሳይመረመር የተጀመረ ጉዞ መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ጉዳቱ የውበት ብቻ አይደለም።

የፋይሉ ጉዞ በአገር ቤትና በውጭ መካከል የሚመላለሱ ወገኖችንም ይመለከታል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ክራውን አሠርቶ አዲስ አበባ ላይ የሚሰበርበት ሰው፣ የጥርሱ ፋይል በየትኛውም ፕሮግራም በሚከፈት ዓይነት ከተቀመጠ ኢሜይል ይበቃዋል፤ በአንድ አምራች ሶፍትዌር ብቻ የሚነበብ ከሆነ ግን እንደ አዲስ ይለካል፣ እንደ አዲስም ይከፍላል። ሐኪሞች መሣሪያ ሲገዙ ይህን በውሉ ውስጥ ማስገባት ቢለምዱ ደስ ይለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የአፍ ውስጥ ሕመም ነበረባቸው፤ በአፍሪካ ቀጠናው ደግሞ ለ100,000 ሰው የሚደርሱት የጥርስ ሐኪሞች 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ሴሬክም ሆነ ዚርኮኒያ ጥርስ ከተበላሸ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ውስን በጀት ላለው የኢትዮጵያ ሆስፒታል ምርጫው ከባድ አይመስለኝም፦ መጀመሪያ ዲጂታል ራጅ። ፊልም፣ ማጠቢያ ኬሚካልና ጨለማ ክፍል አይፈልግም፤ ምስሉ ለሌላ ከተማ ስፔሻሊስት በደቂቃ ይደርሳል። የመሞረጃ ማሽንና ምድጃ ግን ብዙ ክሊኒኮች በጋራ በሚጠቀሙበት ላብራቶሪ ቢሆን ይሻላል፤ በየክፍሉ ተገዝቶ ለሳምንት ሁለት ክራውን የሚሠራ ማሽን ዕዳ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ በሌሎች አገሮች ውጤት ብቻ የማይመለስ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ከዝዋይ እስከ ወንጂ ጥርሱ የበለዘ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ፍሎሮሲስ በሚባል ጉዳት የተነካ ኢናሜል ላዩ አሲድን ይቋቋማል፣ ከሥሩ ግን ልል ነው፤ በስዊዘርላንድ ጤነኛ ኢናሜል ላይ የሠራው የአሲድ ቆይታ እዚህ ላይበቃ ይችላል። በጥርስ ፎቶ ላይ ቡናማ ነጥብ ሲያይ «ቀዳዳ» ብሎ እንዲያስጠነቅቅ የተሠለጠነ ፕሮግራምም፣ የሠለጠነባቸው ምስሎች ፍሎራይድ ካልበዛበት አካባቢ የተሰበሰቡ ከሆኑ፣ የበለዘን ጥርስ በበሽተኛነት ሊመዘግብና ጤነኛ ጥርስ ሊያስሞርድ ይችላል። ሁለቱንም ለመፈተን ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ በሕክምና ምክንያት የተነቀሉ የበለዙ ጥርሶች፣ የማጣበቂያ መፈተኛና በሐኪም የተረጋገጡ ፎቶዎች ይበቃሉ፤ የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለመመረቂያ ጥናት ሊሰጡት የሚችሉት ርዕስ ነው።