በባሌ ተራሮች ወንዞች ትራውት ለማጥመድ፦ ከጉዞው በፊት ሊታወቅ የሚገባው

የባሌ ተራሮች ስም ሲነሣ ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ነው። በተራሮቹ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረ አንድ እንግዳ አለ፤ ትራውት የተባለው ዓሣ።

ትራውት የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም። ቡናማው ዝርያ ከአውሮፓ፣ ቀስተ ደመና የሚባለው ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የተገኙ ሲሆን፣ ሁለቱም እ.አ.አ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ወንዞች ተለቀቁ። ዓሣው ንጹሕና ቀዝቃዛ፣ አየር የበዛበት ወራጅ ውኃ ይፈልጋል። ዲንሾ አካባቢ ያሉት ወይብ፣ ዳንካና ሻያ ወንዞችም ይህን አሟልተው ሰጡት።

ከተለመደው አጠማመድ በምን ይለያል?

በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ፣ በፈረንጆቹ አጠራር ፍላይ ፊሺንግ፣ የራሱ ጥበብ አለው። በተለመደው አጠማመድ መንጠቆውን ወደ ውኃው የሚወስደው በክሩ ጫፍ የታሰረው እርሳስ ነው። እዚህ ግን ከላባና ከፀጉር የሚሠራው ዝንብ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ ዝንቡ ክሩን ተከትሎ ይሄዳል።

ትራውት አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ ወንዙ ራስ አዙሮ ምግቡ በውኃው ተገፍቶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ጎንበስ ብሎና ጥላውን ከውኃው አርቆ ይጠጋል። ለጠባብ የደጋ ወንዝ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው ቀላል ዘንግ ይበቃል።

መቼ ይሄዳል?

ተመራጩ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። በክረምት ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ይደፈርሳሉ፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ደግሞ ትራውት ዝንቡን አያይም። ለገና ወይም ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ ሰዎች ወቅቱ ይገጥማል። ሆኖም በጋው ሌሊቱ ብርቱ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ሜዳው ሲነጋ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ወፍራም የመኝታ ከረጢትና የዝናብ ልብስ ግድ ናቸው።

መንገዱና ከፍታው

ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሻሸመኔ፣ ዶዶላና አዳባ በኩል ወይም በአሰላ በኩል በመኪና ይደረሳል። ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት፣ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዙም የኤምባሲያቸውን የጉዞ ማሳሰቢያ መመልከት ይኖርባቸዋል።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ከዱባይ ወይም ከጅዳ የመጣ መንገደኛ ቢያንስ የመጀመሪያውን ቀን ዐርፎ፣ ውኃ አብዝቶ ጠጥቶ ማሳለፍ ይበጀዋል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከበረታ መፍትሔው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

ዘንጉ ከመዘርጋቱ በፊት የትኛው ወንዝ ለማጥመድ ክፍት እንደሆነና ምን ያህል ዓሣ መያዝ እንደሚቻል ዲንሾ ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመግቢያ ክፍያ መክፈል ብቻውን የማጥመድ ፈቃድ አይሆንም። የአካባቢው አስጎብኚዎችና ፈረስ አከራዮች መንገዱን ከማሳየት ባሻገር፣ ጎብኚው የሚከፍለው ገንዘብ ለነዋሪው እንዲደርስ ያደርጋሉ።

የእንግዳው ዓሣ ሌላ ገጽታ

ወንዝ ሳይኖርበት የተለቀቀ አዳኝ ዓሣ ያለ ጉዳት አይገባም። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ሐይቆች፣ ትራውት ከገባ በኋላ የእንቁራሪቶች ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ባሌ ደግሞ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች መኖሪያ ነው። ስለዚህ የተያዘን ዓሣ ወደ ሌላ ጅረት ወይም ሐይቅ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። በጥንት ግግር በረዶ የተፈጠረው ጋርባ ጉራቻን የመሳሰሉት የከፍተኛው ቦታ ሐይቆች እንዳሉ ሊታዩ እንጂ ዓሣ ሊጨመርባቸው አይገባም።

ሌላው አደጋ በሻንጣ ውስጥ ሊመጣ ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ወንዞች የትራውትን አጥንት የሚያጎብጥ፣ ዓሣውን በዙሪያው የሚያሽከረክር በሽታ አለ። ተሕዋሲው በጫማ ላይ ከቀረ ጭቃ ጋር ሊጓዝ ይችላል። በኮሎራዶ ወይም በስዊዘርላንድ ያጠመደ ሰው ጫማውን፣ መረቡንና ልብሱን ከጉዞው በፊት አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ አለበት።

የወይብ ሸለቆ የቀይ ቀበሮም ቤት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደሚያንሱ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ይኖራሉ። እ.አ.አ በ2003 በሸለቆው የተከሰተው የውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ውሻ ይዞ አለመግባት፣ የምግብ ትርፍም ጥሎ አለመሄድ ከቀላሉ ጥንቃቄ ይቆጠራል።

ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.አ.አ በ2023 ነው። ወይብ ከዚያ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በመጨረሻም ውኃው ሶማሊያን ከሚያጠጣው የጁባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ዲንሾ ላይ የቆሸሸ ውኃ የሚጠጣው ከታች ያለው ሰው ነው። ሳሙናን ከወንዙ ማራቅና የተቆረጠ የናይለን ክርን ሰብስቦ መመለስ የጉዞው ዕቅድ አካል መሆን የሚገባውም ለዚህ ነው።