የፈጣን ጀልባዎች ቅርጽ ታሪክ

በሐይቅም ሆነ በባሕር ላይ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚበረውን የእሽቅድምድም ጀልባ ያየ ሰው ሁሉ ምስጋናውን በቅድሚያ የሚሰጠው ለሞተሩ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው፥ ነዳጁን የሚበላው፥ ዋጋውም የሚከብደው እርሱ ነውና። ነገር ግን የዚህን ጥበብ ታሪክ ከመነሻው አንሥቶ በትዕግሥት ለሚመረምር፥ ፍጥነትን የወለደውም ሆነ ፈጣኑን ጀልባ ለነጂው እጅ እንዲታዘዝ ያደረገው ከውሃው በታች ተሰውሮ የሚኖረው የጀልባው ሆድ ቅርጽ መሆኑ ይገለጥለታል። ፍጥነትና ታዛዥነት ከአንድ ቅርጽ ይመነጫሉ፤ ሆኖም አንዱ ያለ ልክ ሲበዛ ሌላው ይጎድላል፤ የሊቃውንቱም ድካም ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። ዊልያም ፍሩድ የተባለው መሐንዲስ በ1872 ዓ.ም. ገደማ በቶርኪ ከተማ በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ረጅም የውሃ ገንዳ አሠርቶ፥ ከሰም የተቀረጹ የመርከብ አምሳያዎችን በገንዳው ውስጥ እየጎተተ፥ ውሃው የሚያደርስባቸውን ተቃውሞ ይለካ ነበር። በዚህም ምርምር ያጸናው ሕግ፥ በውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚሄድ አካል ሁሉ ሞገድ እንደሚያስነሣ፥ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም የሞገዱ ርዝመት እየተዘረጋ ሄዶ በመጨረሻ ከጀልባው ርዝመት ጋር እንደሚተካከል ያስረዳል። ያን ጊዜ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና፥ ኋላውን ወደ ታች ዘቅዘቅ አድርጎ፥ ራሱ በፈጠረው የሞገድ ሸለቆ ውስጥ ይታሰራል፤ ተጨማሪ ኃይል ቢሰጠውም ሞገዱ ይገዝፋል እንጂ ፍጥነቱ እምብዛም ከፍ አይልም። ርዝመቱ 36 ጫማ የሆነ ጀልባ ይህ ወሰን የሚያጋጥመው በሰዓት 8 የባሕር ማይል ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህም ብርቱ ሯጭ በእግሩ የሚቀድመው ፍጥነት ነው።

ከዚህ እስራት ለመውጣት ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። አንደኛው አካሉን ረጅምና ቀጭን በማድረግ የሚያስነሣውን ሞገድ ማሳነስ ነበር፤ መሐንዲሱ ቻርልስ ፓርሰንስ በ1897 ዓ.ም. በንግሥት ቪክቶሪያ የኢዮቤልዩ በዓል በተደረገው የባሕር ኃይል ሰልፍ ላይ ያሳየው «ተርቢኒያ» የተባለ ጀልባ ርዝመቱ ከ30 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ወርዱ 3 ሜትር የማይሞላ ስለ ነበረ፥ በሰዓት እስከ 34 የባሕር ማይል ለመሄድ በቅቷል። ሁለተኛው መንገድ ግን ከዚህ ይልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ ይኸውም ጀልባውን ከውሃው ውስጥ አውጥቶ በውሃው ፊት ላይ ማንሸራተት ነው።

ይህን ሁለተኛ መንገድ ቀደም ብለው ካሰቡት አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። በሰሴክስ አውራጃ፥ በራይ ከተማ አጠገብ የምትገኘው የፕሌይደን አጥቢያ አገልጋይ ቄስ ቻርልስ ሚድ ራመስ፥ የመርከብ ሆድ እንደ ልማዱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ተዳፋት ሽብልቆች በተከታታይ ቢበጁለትና በመካከላቸውም እርከን ቢደረግለት፥ በኃይል ሲነዳ ልጆች በሐይቅ ዳር አግድም እንደሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃው ራሱ ወደ ላይ ያነሣዋል ሲሉ፥ በ1872 ዓ.ም. ለእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አሳሰቡ። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ለፍሩድ መራው፤ ፍሩድም አምሳያውን ፈትኖ፥ በዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ሊደረስበት በሚቻለው ፍጥነት ይህ ቅርጽ ከተለመደው መርከብ የባሰ ተቃውሞ እንደሚገጥመው አስታወቀ። ፍርዱ ለዘመኑ ትክክል ነበር፤ የካህኑም አሳብ ትክክል ነበር፤ በሁለቱ መካከል የጎደለው ቀላል ክብደትና ብዙ ጉልበት ያለው ሞተር ብቻ ነበር።

ያም ሞተር የቤንዚን ኃይል ከተስፋፋ በኋላ ተገኘ። እንግሊዛዊው የመርከብ ሠሪ ጆን ቶርኒክሮፍት በ1910 ዓ.ም. «ሚራንዳ 4ኛ» የተባለችውን ባለ እርከን ጀልባ ሠርቶ፥ 26 ጫማ ብቻ የሆነች ታንኳ በሰዓት 35 የባሕር ማይል ገደማ እንድትሄድ አደረገ። የእርከኑ ጥቅም እንዲህ ነው፦ ጀልባው ሲፈጥን ውሃው በእርከኑ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ከበስተኋላውም አየር ይገባና ውሃ የሚነካው የሆዱ ስፋት ያንሳል፤ ስለዚህ የሰበቃው ተቃውሞ እጅግ ይቀንሳል። ከዚህ ቅርጽ የተወለዱት ባለ 40 ጫማ የቶርፒዶ ጀልባዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተሠሩ። ቶርፒዶውን የሚጥሉት በኋላቸው በኩል ስለ ነበረ፥ ነጂው ወደ ጠላት መርከብ በሙሉ ፍጥነት ከገሠገሠ በኋላ መሣሪያውን ለቅቆ ወዲያው ወደ ጎን ማምለጥ ነበረበት፤ አለዚያ የገዛ ቶርፒዶው ከኋላው ይደርስበታል። የመቶ አለቃ ኦገስተስ ኤጋር ሰኔ 17 ቀን 1919 ዓ.ም. በእንዲህ ያለች አንዲት ጀልባ «ኦሌግ» የተባለውን የሩሲያ የጦር መርከብ በክሮንስታት አጠገብ አሰጠመ።

ይሁን እንጂ ጠፍጣፋው ባለ እርከን ሆድ ድካም ነበረበት። ማዕበል ሲነሣ ከውሃው ጋር ፊት ለፊት እየተላተመ የነጂውን ወገብና የጀልባውን ማገሮች ይቀጠቅጣል፤ በጥምዝ ላይም አየሩ ያለ ቦታው ሲገባ ኋላው ውሃውን ይለቅና ድንገት ይሽከረከራል። ስለዚህ ፍጥነትን ብቻ የሚሹ ሰዎች ወደ ጸጥተኛ ሐይቆችና ወንዞች ሄዱ። አሜሪካዊው ጋር ውድ በ1932 ዓ.ም. አራት የአውሮፕላን ሞተሮች በተጫኑባት «ሚስ አሜሪካ 10ኛ» በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሄደ።

ቅርጽ ከሞተር እንደሚበልጥ ግን እንደ ማልኮልም ካምቤል ሥራ የሚያስረዳ የለም። ይህ እንግሊዛዊ በ1938 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሐልቪል ሐይቅ ላይ በባለ እርከን ጀልባው በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ነበር። በአሜሪካ ጀልባ ሠሪው የአፔል ቤተሰብ ሦስት ነጥብ የሚባለውን ቅርጽ ማስፋፋቱን ባየ ጊዜ፥ በዚያው ዓይነት የሮልስ ሮይስ ሞተር ሌላ ጀልባ አሠራ፤ በፊት ለፊት ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ መንሸራተቻዎች፥ በኋላ ደግሞ አንድ ነጥብ ብቻ ውሃ የምትነካ ነበረች። በነሐሴ 1939 ዓ.ም. በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ፍጥነቱ 228 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የሞተሩ ዓይነት ያው ነበር፤ የተለወጠው ሆዱ ነው። ከ11 ዓመት በኋላም ቴድ ጆንስ የነደፋት «ስሎ ሞ ሹን 4ኛ» በሲያትል ከተማ ዳር በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፥ የፕሮፔለሯ ግማሽ ከውሃው በላይ እየታየ፥ 258 ኪሎ ሜትር አስመዘገበች። አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ ደግሞ በቤቱ ጓሮ ከእንጨትና ከፋይበርግላስ በሠራት ጀልባ በጥቅምት 1978 ዓ.ም. 511 ኪሎ ሜትር ሄዶ፥ እስካሁን ያልተሻረ ክብረ ወሰን አቆመ።

ነገር ግን ውሃን እንዲህ መሸሽ ዋጋ ያስከፍላል። ከውሃው የተነጠቀ ጀልባ ለነፋስ ተላልፎ ይሰጣል፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ጥቂት እንኳ ቀና ያለ እንደ ሆነ ከሥሩ የሚገባው አየር ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፥ ያን ጊዜም መሪው ከንቱ ነው። የማልኮልም ልጅ ዶናልድ ካምቤል ጥር 4 ቀን 1967 ዓ.ም. በዚያው በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ጀልባው በአየር ተገልብጣ ሕይወቱን ያጣው በዚህ ዓይነት ነው።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ክፍት ባሕር ያለ መፍትሔ ቀርቶ ነበር። የቀድሞዎቹ የባሕር ጀልባዎች ሆዳቸው በፊት በኩል ሹል ሆኖ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠፍጣፋ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ማዕበል ከኋላ ሲመጣባቸው አፍንጫቸው ይሰምጣል፥ ሰፊው ኋላቸው ይገፋል፥ ጀልባውም በጎኑ ይዞራል። አሜሪካዊው ነዳፊ ሬይ ሐንት ይህን ልማድ ትቶ፥ ወደ 24 ዲግሪ የሚጠጋውን የሆድ ስለት ከመሐል እስከ ኋላ ሳይቀንስ ዘረጋው፤ በርዝመቱም ቀጫጭን እንጨቶች ለጠፈበት፥ እነርሱም የሚረጨውን ውሃ ወደ ውጭ እየወረወሩ ጀልባውን ያነሡታል። ዲክ በርትራም በ1958 ዓ.ም. በኒውፖርት የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ ሳለ ከሐንት ጀልባዎች አንዷ በሚናወጠው ባሕር ላይ በፍጥነት ስታልፍ አይቶ ተደነቀ፤ ለራሱም 31 ጫማ የሆነችውን «ሞፒ» አሠራ።

በ1960 ዓ.ም. ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው፥ 300 ኪሎ ሜትር በሚያህለው ውድድር ባሕሩ እጅግ ተቆጥቶ ነበር። በጸጥተኛ ውሃ ላይ «ሞፒ»ን ሊቀድሙ የሚችሉ ጠፍጣፎች ሁሉ ሞተራቸውን ለማብረድ ተገደዱ፤ እርስዋ ግን ማዕበሉን እየሰነጠቀች 8 ሰዓት ያህል ተጉዛ ደረሰች። ሁለተኛ የወጣችው 24 ጫማ ብቻ የሆነች ሌላ የሐንት ጀልባ ነበረች፤ የቀሩት የደረሱት በማግሥቱ ነው። በእርግጥ ይህ ስለታም ሆድ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ከጠፍጣፋው ይልቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፥ ቆሞም ሳለ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ሐንት ግን ይህን ጥቂት ኪሳራ ወድዶ የተቀበለው፥ ነጂው በማዕበል መካከል ሞተሩን ሳያበርድ እንዲሄድ ነው።

ዛሬ መርከቦችን ወደ ወደብ የሚመሩ ባለሙያዎችን የሚያመላልሱት፥ የባሕር ጠረፍ የሚጠብቁትና ከባሕር አደጋ ሰው የሚያድኑት ፈጣን ጀልባዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ከሐንት ንድፍ የተወረሰ ነው። ስለዚህ ፈጣን ጀልባ ለመግዛት ወይም ለመሥራት የሚያስብ ሰው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት፥ ጀልባው የሚሄድበት ውሃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይመርምር፤ ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ ሆዱን ይመልከት።