የጠመንጃ ሰደፍ በየጁ አገር፤ አሮጌውን ማረም ወይስ አዲስ ማበጀት

የጦር መሣሪያን ታሪክ የሚመረምር ሰው አሮጌ ጠመንጃ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው አፈሙዙንና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ዓመት ነው። እንጨቱን ግን እንደ መያዣ ብቻ ቈጥሮ ያልፈዋል። ይህ ልማድ በየጁ አገር፣ ይልቁንም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ለሚያጠና ተማሪ ትልቅ ስሕተት ያመጣል፤ ብረቱና እንጨቱ ሁልጊዜ የአንድ ዘመን ሥራ አይደሉምና። በዚህ ጽሑፍ ሰደፍ ስንል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ብቻ ሳይሆን አፈሙዙ የሚተኛበትን እንጨት በሙሉ ማለታችን ነው።

ለአሮጌ ጠመንጃ አዲስ አፈሙዝ የሚያገባ ሠራተኛ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ የቀድሞውን ሰደፍ ማረም፣ ወይ ሌላ ማበጀት። አዲሱ ብረት ከቀድሞው የወፈረ እንደ ሆነ ቦዩ ይሰፋል፤ እንጨት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም፤ ግራና ቀኙ ሲሳሳም በተኵሱ ግፊት ይሰነጠቃል። ብረቱ የቀጠነ እንደ ሆነ ክፍተቱ በሽብልቅ ይሞላል፤ ነገር ግን አፈሙዙ በአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ ጥይቱ ዒላማውን ይስታል። ከደጋው ወደ ሀብሩ ቆላ የሚወርድ መሣሪያ ሲሆንማ ችግሩ ይብሳል፤ በእርጥበት ያበጠው እንጨት በደረቅ አየር ይኰማተራልና። አዲስ ሰደፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ዋጋው ግን በሚገባ የደረቀ ቀጥ ያለ እንጨትና የብዙ ቀን ድካም ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ ይገራል፤ ወይራ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ይከብዳል።

የአውሮፓ መንግሥታት ራሳቸው ወጪ ለመቈጠብ ብዙ ጊዜ የመረጡት ማረሙን ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የያዙት ስናይደር በመሠረቱ ከአፉ ይጐርስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ነው፤ አፈሙዙ ከኋላ ተቈርጦ አዲስ መክፈቻ ሲገባለት ሰደፉ የቀድሞው ሆኖ ቀረ። ፈረንሳዮችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1866ቱን፣ የወረቀት ጥይት የሚጐርሰውን ሻስፖ፣ ከ1874 ወዲህ በሻምበል ግራ ዕቅድ የናስ ቀለህ እንዲጐርስ ለወጡት። የአገራችን ሰው «ፉዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይ ስም ሰምቶ ውጅግራ አለው። በ1914 በተነሣው የዓለም ጦርነት ከነዚሁ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የ11 ሚሊሜትር አፈሙዛቸው በ8 ሚሊሜትር ተተክቶ፣ በላዩም ትንሽ የእንጨት መሸፈኛ ተጨምሮ፣ በአሮጌው ሰደፍ እንደ ገና ተሰለፉ።

ነጋዴውም ከዚህ አይለይም። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ወደ ሸዋ ያመጣቸው ጠመንጃዎች በአውሮፓ ከአገልግሎት የተሰናበቱ ነበሩ፤ በሊዬዥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው በሸዋ ወደ 40 ፍራንክ እንደሚሸጥ ራሱ ለቤተ ሰቡ ጽፏል። ስለዚህ ወደ አገራችን የገባው መሣሪያ ሁሉ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው ብሎ መነሣት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የኢጣልያኑ ቬተርሊ ነው። በ1870 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲወጣ አንድ ጥይት ብቻ ይጐርስ ነበር፤ በ1887 ሰደፉ ተፈልፍሎ የጥይት ማኅደር ገባለት። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢጣልያ ጦር ይህንኑ ይዞ ተሸነፈ፤ የራስ ሚካኤል የወሎ ጦር በተሰለፈበት በዚያ ቀንም ብዙ ሺህ ጠመንጃ ተማረከ። ኢጣልያኖች ከ1915 ወዲህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቀረላቸውን ቬተርሊ ሰፊውን አፈሙዝ ሰርስረው 6.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሰኩበት፤ ማኅደሩንም ለወጡ። እንግዲህ በሀብሩ አንድ ቤት «የዐድዋ ምርኮ» የተባለ ቬተርሊ ቢገኝና ቀዳዳው 6.5 ቢሆን፣ በብረቱ ላይ የቈየ ዓመት ቢነበብም በዐድዋ የተማረከ ሊሆን አይችልም፤ ከ1928ቱ ወረራ ጋራ የመጣ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። አፈሙዙን ከውጭ ብቻ ያየ ተመራማሪ የቤተ ሰቡን ቃል በከንቱ ያጸድቃል፤ ወይም የእውነተኛውን ምርኮኛ ልጆች ያለ ጥፋታቸው ይጠራጠራል።

በእኔ አስተያየት፣ ሊተኰስበት ለታሰበ መሣሪያ የሳሳውን ሰደፍ ከማረም መለወጡ ይሻላል፤ የተሰነጠቀ እንጨት የተኳሹን ፊት አይምርም። ለታሪክ የሚቀመጠውን ግን መንካት አይገባም። በእርጥቡ ተጠምጥሞ ሲደርቅ የጠበቀው ጠፍር፣ የተለጠፈው እንጨት፣ የሽብልቁም ስፍራ መሣሪያው በማን እጅ እንዳለፈ ያመለክታሉ። ባለቤቱ መለወጡን ቢወድ እንኳ ተማሪው አስቀድሞ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለክቶ ይጻፍ፤ የወጣውም አሮጌ ሰደፍ ወደ ምድጃ እንዳይገባ ከጠመንጃው ጋራ በአንድነት እንዲቀመጥ ይለምን።