ጽዱና ወይራው ለምን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቀረ?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ከሕንፃው መሃል ያረጀ ጽድ ወይም ወይራ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደርሳችኋል ማለት ነው። ሌላው ዛፍ የት ሄደ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ማገዶውም የቤት መሥሪያውም የሚመጣው ከዙሪያዋ ደን ነበር። እንጨቱ ቶሎ አለቀና ዐፄ ምኒልክ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። የደረሰላት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ የአገር በቀሉን ደን ግን አይተካም።

የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ግን እንዲሁ አይቆረጥም። ምእመኑ ደኑን የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ አድርጎ ያየዋል፤ የአብነት ተማሪውም፣ ወፉም፣ ንቡም የሚጠለለው እዚያው ነው።

ይህ ጥበቃ ምን አተረፈ? የ«እመጓ» ደራሲ፣ የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግበዋል። 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው።

ችግሩ ግን ክብር ብቻውን ከብት አያስቆምም። ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ ተተኪ የለም። ስለዚህ ዶ/ር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር መክረው የድንጋይ ካብ ማሠራት ጀመሩ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከማሳ ነው፤ ደኑ አጥር ያገኛል፣ የገበሬውም እርሻ ይጸዳል።

እንግዲህ በሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ስታልፉ ዛፉን ሽቅብ ብቻ አትዩት። ከሥሩ ችግኝ አለ?