ቤዝ ጊታርና ለአንድ ተማሪዬ ያለብኝ ይቅርታ



ባለፈው ሳምንት ወረታ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ደወለልኝ። አሁን ባሕር ዳር በአንድ የባህል ምሽት ቤት ቤዝ ክራር ይመታል። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ "ቲቸር፣ ያኔ ቤዝ ጊታሩን ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ ያስታውሳሉ?" አለኝ። አስታወስኩ፣ አፈርኩም። ለወላጆች በዓል ዝግጅት መሣሪያ ተውሰን ነበር። ሊድ ጊታሩን "ጎበዝ" ላልኩት ሰጠሁና እሱን "አንተ ቤዙን ያዝ፣ ብትሳሳትም አይሰማም" አልኩት። ልጆቹም ሳቁ።

ከስልኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ስለዚህ "አይሰማም" ስላልኩት መሣሪያ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ቤዝ ጊታር የተፈጠረው ወፍራሙ ድምፅ እንዲሰማ ተብሎ ነው!

ከሱ በፊት ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ደብል ቤዝ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው የሚጫወቱት። ለጉዞ አይመችም፣ ከድራምና ከጡሩምባ ጋር ሲገባም ይዋጣል። አንገቱ ላይ ደግሞ ልክ እንደ ማሲንቆ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ ጆሮ ነው የሚመራው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፖል ቱትማርክ የተባለ የሲያትል ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤዝ ሠርቶ ነበር፣ ግን ገበያ አልቀናውም።

የቀናው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር የካሊፎርኒያ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ። አካሉ ድፍን እንጨት ነው፤ አራት ክሮች አሉት፤ የሚርገበገበው የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት መስመሮች ስላሉት ተጫዋቹ ድምፁን በትክክል ያገኘዋል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የክሩን ንዝረት በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፕ ይባላል። አንገቱ በብሎን ስለሚታሰር ቢበላሽ ተፈትቶ ይቀየራል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ሁሉ አንድ ችግር ይዞ የተነሳ ነው። ፒክአፑ "እምምም" እያለ ሲያስቸግር በ1957 ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የሌላውን ጩኸት እንዲያጠፋ ተደረገ። በ1960 ጃዝ ቤዝ ቀጠን ባለ አንገትና በሁለት ፒክአፕ መጣ። የጀርመኑ ሆፍነር ቫዮሊን የሚመስል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል ቤዝ ሠራ፤ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ያነገተው እሱን ነው። በ1976 ስቲንግሬይ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ከውስጡ ይዞ ወጣ። ኪቦርዶች ይበልጥ ወደ ታች መውረድ ሲጀምሩ ደግሞ ቤዝም አምስተኛ ክር ጨመረ። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው፣ አሁን ወደ 31 ወረደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ዛሬም ብዙ ባለሙያ የሚፈልገው ያንኑ የጥንቱን ቅርጽ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ እንግዳ አይደለም። በሁዳዴ የበገናን አሥር የበግ አንጀት ክሮች የሰማ ያውቀዋል። ከክሩ ሥር የሚገባችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ናት ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው። እኛም ፒክአፕ ሳይመጣ በፊት ለወፍራሙ ድምፅ መላ ፈጥረንለት ነበር ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ቤዙ አዲስ አበባ ገብቶ የወርቃማውን ዘመን ሙዚቃ ተሸከመ። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ፣ በዋልያስ ባንድ መላኩ ገብሬ ይዘውታል። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዋልያስ "ቼ በለው" አልበም ክፈቱና ቤዙን ብቻ ተከተሉ፤ ጠቅላላው ዘፈን የቆመበትን መሬት ታገኙታላችሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙ ካሴት በአንድ ኪቦርድ ሲሠራ ቤዙንም የኪቦርዱ ግራ እጅ ወሰደው። በፎገራ ሰርግ ዳስ ውስጥ የምንጨፍረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው።

ባህል ቤቶቹ ግን የራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ክራሩን ተለቅ አድርገው፣ ወፍራም ክር ወጥረውበት፣ ፒክአፕ ገጥመውለት ቤዝ ክራር አሉት። ያ ልጅ የሚመታው ይሄንን ነው። የፌንደር ጥያቄና የኛ ክራር ሠሪዎች ጥያቄ አንድ ነው፦ ከከበሮው ጋር እኩል እንዴት ይሰማ?

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። የምትወዱትን ዘፈን በስልካችሁ ስፒከር አድምጡ፤ ቀጥሎ ኢርፎን ሰክታችሁ ድገሙት። ያች ትንሽ ስፒከር 41 ንዝረቱን ማውጣት አትችልም። ቤዙ ሳይሆን መስሚያችን ነው የሰነፈው። ያኔ ክፍል ውስጥ የእኔም ጆሮ እንደዚያች ስፒከር ነበረች።

ስለዚህ ተማሪዬ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ። "አይሰማም" ያልኩህ መሣሪያ ካላንተ ሌሎቹ የሚቆሙበት አልነበራቸውም። መምህራን ጓደኞቼም፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ልጅ የምንሰጠውን ነገር ስንመርጥ፣ የምንናገረውንም እንምረጥ።

እናንተስ፣ ቤዙ ደምቆ የሚሰማበት የምትወዱት ዘፈን የትኛው ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ በኢርፎን ነው የማዳምጠው።